ገበታው የማያውቀው ፊደል

ካርቱም ገበያ የሚሸጥ ኪቦርድ በየቁልፉ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ታትሞበታል፤ በአንዱ ጥግ የእንግሊዝኛው፣ በሌላው የዓረብኛው። የአማርኛ የለበትም። እንዲህ ባለ ገበታ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቁልፎቹን ቢያይ የሚያገኘው ሁሉ የሚያሳስተው ነው። ኤል በሚለው ቁልፍ ላይ የዓረቦቹ ሚም ተቀምጣለች። «ላ» ለመጻፍ የወረደ ዓይን ሚምን ያገኝና ጣቱን ያጠራጥረዋል። ኤም በሚለው ላይ ደግሞ ታ ማርቡጣ አለች። ሁለቱንም ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሰው ይበልጥ ይደናገራል፤ የሚያውቀው ፊደል በማያስፈልገው ቦታ እየጠራው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ከተማዋን ሳያፈርሳት፣ ሐበሻ በብዛት ይኖርበት በነበረው የደይም ሰፈር እንዲህ ባለ ኪቦርድ አማርኛ ትጽፍ የነበረች አንዲት ጸሐፊ ነበረች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለተራ ጠባቂ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ደንበኞቿ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ነበሩ። የሚያስጽፉት ማመልከቻ፣ የውክልና ረቂቅ፣ የብድር ውል፣ አልፎ አልፎም ለሥራ የሚሆን ሲቪ ነው። ጽሑፉን በእጅ ጽፈው ይዘው ይመጣሉ፤ ያልጻፉት ደግሞ በቃል ይነግሯታል።

ስትሠራ ቁልቁል አታይም። ዓይኗ በግራዋ ካስደገፈችው ረቂቅ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ረቂቁ ይመላለሳል። ጎበዝ ታይፒስት ሲወደስ የሚነሳው ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን እሷ ዘንድ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ጣት ብቻውን መሄድ የሚማረው ዓይን ወረቀቱን እንዲጠብቅ ነው። ከዚህ ሙያ ውስጥ ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

ሥራዋ የሚጀምረው ከመጻፉ በፊት ነው። ካርቱም ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል የሚነሳባት ከተማ ናት፤ መስኮት ቢዘጋ በር ቢቆለፍ ብናኙ የሚገባበት አያጣም። ጠዋት ኪቦርዱን ገልብጣ ጀርባውን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ ከዚያ በቀለም መቀቢያ ትንሽ ብሩሽ በቁልፎቹ መካከል ታልፋለች። አቧራ የገባበት ቁልፍ ወይ አንዴ ሲነኩት ሁለቴ ይጽፋል፣ ወይ ጭራሹን አይጽፍም። ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ትሞክራለች። ጣቷ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን ያህል እንደሚጎደጉድ ያውቃል፤ ዛሬ የከበደ ካለ ገና ከመጀመሪያው ታውቀዋለች።

ቀጥሎ እጇን ታስቀምጣለች። ኤፍ እና ጄይ ላይ፣ ዓረብኛው ባ እና ታ የሚላቸው ሁለት ቁልፎች ላይ፣ ጣት የሚዳስሳት ጉብ ያለች መስመር አለች። ሁለቱ ሌባ ጣቶች እዚያ ያርፋሉ፤ ሌሎቹ ስድስት በዚያው ረድፍ ይሰለፋሉ፤ አውራ ጣቶች ስፔስ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሩቅ ቁልፍ ነክቶ የመጣ ጣት ወደዚሁ ቤቱ ይመለሳል። የእጇ አንጓ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አይተኛም። አንጓው የተኛ እጅ ላይኛውን ረድፍ ለመድረስ ጣቱን ይዘረጋል፣ የተዘረጋ ጣት ደግሞ ጎረቤት ቁልፍ ይነካል።

የዛሬው የአማርኛ አጻጻፍ በአብዛኛው በድምፅ ነው። ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ወደሚፈለገው ቤት ይቀየራል። ስለዚህ «ሰላም» ሦስት ፊደል ቢሆንም አምስት ምት ነው፤ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። እጇ ላይ ሲታይ የግራ ቀለበት ጣት፣ የግራ መሐል ጣት፣ የቀኝ ቀለበት ጣት፣ የግራ ትንሽ ጣት፣ የቀኝ ሌባ ጣት በተራ ይወርዳሉ። አደጋው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ላይ ነው። ሁለቱም የግራ እጅ ናቸው፣ ጣቶቹም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሲቸኩሉ መሐል ጣት ይቀድማል። ቀድሞ ከወረደ በብዙዎቹ የድምፅ ገበታዎች ወረቀቱ ላይ «ሰላም» ሳይሆን «እስላም» ይወጣል። በእንግሊዝኛ የሁለት ፊደል ቦታ መለዋወጥ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ቃል ነው፤ አንባቢው ይረዳዋል። እዚህ ግን ምንም ያልጎደለው ሌላ ቃል ተወልዷል፤ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምም ምንም አይታየውም።

በደብዳቤዎቿ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ «አስተዳደር»። ዘጠኝ ምት ነው፤ ዘጠኙም የግራ እጅ። ቀኝ እጅ ቃሉ እስኪያልቅ ከቤቱ አይነቃነቅም። ከዘጠኙ አራቱ በግራ መሐል ጣት ላይ ይወድቃሉ፤ ኢ ላይ ይወጣል፣ ዲ ላይ ይወርዳል፣ ትንሹ ጣት ኤ ን እስኪመታ ይጠብቃል፣ ደግሞ ዲ፣ ደግሞ ኢ። ይህን ቃል ስትጽፍ የእጇ ድምፅ ይቀየራል። ሌላው ጽሑፍ ግራና ቀኝ እየተቀባበለ ፈጠን ብሎ ሲሄድ፣ እዚህ ላይ ሆን ብላ ቀዝቀዝ ታደርገዋለች። የአንድ ጣት ሥራ በሁለት እጅ ፍጥነት አይሄድም። ጀማሪ ቃሉን እንደሌላው ሁሉ ሊያስኬደው ይሞክርና አንድ ዲ ይውጣል፤ እሷ ቃሉ የት እንደሚጠብብ ስለምታውቅ ከመድረሷ በፊት ትዘገያለች።

ሺፍትን የምትይዝበት መንገድም ለብቻው የሚታይ ነው። «ጽሕፈት» ለመጻፍ በድምፅ ገበታ ጽ እና ሕ ትልቁን ኤስ እና ትልቁን ኤች ይፈልጋሉ። ኤስ የግራ ቀለበት ጣት ናት፤ ስለዚህ ሺፍቱን የቀኝ ትንሽ ጣት ይይዛል። ኤች የቀኝ ሌባ ጣት ናት፤ ሺፍቱን የግራ ትንሽ ጣት ይይዛል። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቱ ትንሽ ጣቶች ተቀያየሩ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን አናደርግም፤ የግራውን ሺፍት ብቻ እናውቃለን። በግራ ትንሽ ጣት ሺፍት ይዞ በዚያው እጅ ቀለበት ጣት ኤስን መምታት እጅን ያጣምማል፤ የተጣመመ እጅ ወይ ሺፍቱን ቶሎ ይለቃል፣ ወይ አዘግይቶ ይለቃል። ቶሎ ሲለቅ «ስሕፈት»፣ ሲያዘገይ ቀጣዩ ፊደል ሳይፈለግ ትልቁ ይሆናል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ኘ በሺፍት የሚጻፉበት ቋንቋ ነውና አማርኛ በዚህ ልማድ የሚከፍለው ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የጠፋ አናባቢ ነው። «ገባ» ከሚለው አንዲት ኢ ብትቀር «ግባ» ይሆናል። «ሰማ» «ስማ» ይሆናል፤ «ሰሙ» «ስሙ»። የሆነውን የሚናገረው ቃል ትእዛዝ ሆነ፤ ግሡ ስም ሆነ። ውል ውስጥ ወይም ለፍርድ ቤት በሚገባ ወረቀት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ይህን የምትከላከለው በምት ስልት ነው። ተነባቢና አናባቢ በአንድ ትንፋሽ እንደ ጥንድ ይወርዳሉ፤ ሳድስ ላይ ደግሞ እጅግ አጭር፣ ግን የሚሰማ ዕረፍት አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጣት ሳድሱንና ግዕዙን በድምፁ መለየት ይቻል ነበር። ክራር ደርዳሪ ጣቱን ሳያይ ጆሮውን እንደሚያምን፣ እሷም ጽሑፏን በጆሮዋ ትቆጣጠረዋለች።

ስትሳሳት ምን እንደምታደርግ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። የተሳሳተው ፊደል ስክሪኑ ላይ መውጣቱን ሳታይ እጇ ይቆማል። ዓይኗ ገና ረቂቁ ላይ ነው፤ ጣቷ ግን አውቋል። ይህ የእሷ ብቻ ተአምር አይደለም። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጎርደን ሎጋንና ማቲው ክራምፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ታይፒስቶች ሲጽፉ ኮምፒውተሩ አንዳንዱን ስሕተት በስውር እንዲያርም፣ አንዳንዱን ትክክለኛ ቃል ደግሞ ሆን ብሎ እንዲያበላሽ አደረጉ። ሰዎቹ ስክሪኑን አመኑ፤ የታረመላቸውን እኛ በትክክል ጻፍነው፣ የተበላሸባቸውን እኛ ተሳሳትን አሉ። ጣቶቻቸው ግን አልተታለሉም፤ የዘገዩት በእርግጥ ከተሳሳቱበት ምት በኋላ ብቻ ነበር። ሎጋን በኋላ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ደግሞ የተካኑ ታይፒስቶች በባዶ ገበታ ሥዕል ላይ ፊደሎቹን እንዲሞሉ ሲጠየቁ፣ ከ26ቱ በትክክል ያስቀመጡት በአማካይ 15 ያህሉን ነው። ዕውቀቱ ጣታቸው ውስጥ ነው፤ ተጠይቀው የሚመልሱት አይደለም።

እጇ ከቆመ በኋላ የምታደርገው ከብዙዎቻችን ይለያል። ባክስፔስን እየደበደበች አንድ ፊደል አትለቅምም፤ ቃሉን እስከ መጀመሪያው አጥፍታ ከሥሩ ትጽፈዋለች። ምክንያቱ ሁለት ነው። በብዙው ሶፍትዌር ባክስፔስ የሚያጠፋው አናባቢውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ፊደል ስለሆነ፣ ግማሹን ልጠግን ያለ ሰው ተነባቢውን ረስቶ ሌላ ስሕተት ይጨምራል። ሁለተኛው ደግሞ የጣት ትምህርት ነው። ጣት የሚያስታውሰው ቃሉን ሙሉውን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ግማሹን ብቻ ካረመ የሚለምደው ስሕተቱን ከነማረሚያው ይሆናል።

ይህን ጥንቃቄ ያመጣችው ከኮምፒውተር አይደለም። ታይፕ የተማረችው አዲስ አበባ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ በኦሊቬቲ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ወደ ጽሕፈት መኪና ካገቡት ሰዎች በመጀመሪያ ይጠራሉ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ከ200 የሚበልጥ ፊደል፣ ሃምሳ በማይሞላ ቁልፍ። መፍትሔው ፊደሉን መከፋፈል ሆነ፤ ግንዱ ለብቻ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ለብቻ ይመታና ይቀጠልበታል። በዚያ መኪና የጻፈ ሰው «ሉ»ን እንደ አንድ ነገር ሳይሆን ግንድና ቅጥያ አድርጎ በጣቱ ያውቃታል። ዛሬ ተነባቢና አናባቢ አጣምራ ስትመታ የምትሠራው ያንኑ ጥንድ ሥራ ነው። ከዚያም በላይ የጽሕፈት መኪና ባክስፔስ አያጠፋም። ከዋናው ወረቀት ሥር ሦስት ካርቦን ካለ፣ አንድ ስሕተት አራት ቦታ ይታረማል፤ ወይም ገጹ ተቀድዶ እንደገና ይጻፋል። በዚያ ዋጋ የተማረ ጣት በነፃ የሚጠፋ ስሕተት መጣ ብሎ አይዝረከረክም።

ካርቱምም ለአማርኛ ጽሕፈት ባዕድ አገር አልነበረችም። ጃንሆይ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን ወሰን ከመሻገራቸው በፊት ወራት የቆዩት እዚያው ነው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍልም ከዚያ ሆኖ የአማርኛ በራሪ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። የዚያን ዘመን ፊደል ለቃሚ ሥራ ከታይፒስት ይከብዳል፤ እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ከሳጥኑ ያወጣል፣ በግልባጩ ያነብባል፣ በእጁ ይደረድራል። ሆኖም ሕጉ አንድ ነው፤ እጅ የፊደሉን ቤት በልቡ ካላወቀ ዓይን ጽሑፉን መከታተል አይችልም።

ጸሐፊዋ አንዲት ወጣት ታስተምር ነበር። ልጅቱ በስልክ መጻፍ የለመደች ስለሆነች ፈጣን ነበረች፤ በሁለት ሌባ ጣት፣ አንገቷን ደፍታ፣ ግማሹን ጊዜ ባክስፔስ ላይ። መምህሯ በመጀመሪያ ያደረገችው ነጠላዋን ከእጆቿ በላይ ማንጠልጠል ነው። እጅ ከነቁልፉ ተሸፈነ።

«እትዬ፣ ምንም አይታየኝም እኮ!»

«ታዲያ ምን ልታይ ነው? ሚም ነው ያለው እዚያ። ስክሪኑን እይ።»

ቀጥሎ ፍጥነቷን ቀነሰችባት፤ ስሕተት የሌለበት ፍጥነት እስኪገኝ ድረስ። ይህ ለፈጣን ሰው ውርደት ይመስላል፤ ልጅቱም አኩርፋ ነበር። ግን የመጥፎ ልማድ ሥር ያለው እዚህ ነው። የተሳሳተ ምት በተደጋገመ ቁጥር ጣት እሱንም ይማራል፤ ልምምድ ጥሩውንና መጥፎውን አይመርጥም። ስለዚህ ልምምዱ ከስሕተቱ ፍጥነት በታች መሆን አለበት።

ሦስተኛው ሥራ ስሕተትን በስሙ መያዝ ነው። የተሰረዙትን ቃላት ወረቀት ጥግ ላይ ትጽፋቸዋለች፤ ገጹ ሲያልቅ አብረው ያያሉ። የልጅቱ ችግር ሁሉም ቦታ የተበተነ አልነበረም። «ደ» ልትጽፍ «ከ» ይወጣባታል፤ ዲ እና ኬ የሁለቱ እጆች መሐል ጣቶች ናቸው፣ አንጎል ጣቱን መርጦ እጁን ይስታል። ሌላው ሺፍት ነበር። በጥቅሉ «ተጠንቀቂ» ከማለት ይልቅ «ደ» እና «ከ» ያሉባቸውን ቃላት፣ «ደከመ»፣ «ከደነ»፣ «ደብዳቤ» እና «ከበደ»ን እያፈራረቀች ሰጠቻት። የግራውን ሺፍት ልማድ ለማስጣል ደግሞ በግራ እጅ ፊደል ላይ በግራ ሺፍት የጻፈችው ቃል ሁሉ፣ ትክክል ቢወጣ እንኳ፣ ይጠፋ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሕተት የለም፤ እጁ ላይ ግን አለ።

አንድ ነገር ላይ ምንም አታባብልም። በልምምድ ሰዓት አዲሱን፣ በሥራ ሰዓት አሮጌውን መጠቀም የለም። «ሁለት አጻጻፍ በአንድ እጅ አያድርም» ትላለች። ቀኑን ሙሉ በሁለት ጣት ጽፎ ማታ ለጥቂት ደቂቃ በአሥር ጣት የሚለማመድ ሰው የሚያጠነክረው የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ቀርፋፋ ሆና ሳለ እውነተኛ ሥራ ተሰጣት፤ የማይቸኩል ደንበኛ ያለው፣ አጭር ማመልከቻ።

አሥር ጣት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ1888 በሲንሲናቲ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊው ፍራንክ መጉሪን ገበታውን ሳያይ ጽፎ ተፎካካሪውን ሉዊስ ትራውብን ካሸነፈ ወዲህ መልሱ አዎ ሆኖ ኖሯል። የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ከካምብሪጅ ጋር 168 ሺህ ሰዎች የመቱትን 136 ሚሊዮን ምት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ግን ነገሩን ትንሽ ያለዝበዋል። የታይፕ ሥልጠና የወሰዱና ያልወሰዱ ሰዎች ፍጥነታቸው ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ያው ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በጥቂት ጣት የሚጽፉም እኩል ፈጣን ሊሆኑ እንደሚችሉ ታይቷል፤ ዋናው፣ አንድ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ጣት መመታቱ ነው። የ2018ቱ ጥናት ፈጣኖቹ ከዘገምተኞቹ ያነሰ እንደሚሳሳቱም አግኝቷል፤ ፈጣኖቹ ቀጣዩን ቁልፍ የሚነኩት ያለፈውን ሳይለቁ ነው። በአማርኛ ግን ይህ መደራረብ ቅደም ተከተሉ ካልጠራ ዋጋ ያስከፍላል፤ «ሰላም»ን እንዳየነው። ደይም ውስጥ እነዚህን ጥናቶች ያነበበ አልነበረም፤ እሷ ግን በምቶቿ መካከል የምትጠብቀው ሥርዓት ከእነሱ ጋር ይገጥማል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚመጣው የመጨረሻ ሥራ የጣት አይደለም። ደንበኛው ቸኩሏል፤ «እቱ፣ በፈጣሪ ቶሎ በይልኝ፣ ኤምባሲው ሊዘጋ ነው» ይላል። እሷ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን ወደ እሱ ታዞራለች፤ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስምህን አንብብልኝ፤ ከዚያ የአባትህን»። ኃይሉ በኃ ነው ወይስ በሀ? ሥላሴ በሥ ነው ወይስ በስ? በጋዜጣ ላይ ቢሆን አንባቢው ሁለቱንም ይቀበላል። በውክልና ላይ ግን ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይከፍላል፣ አንድ የሥራ ቀን ይቃጠልበታል። ቁጥርንም እንዲሁ ታነባለች፤ የብሩን ልክ በአኃዝ፣ ቀጥሎ በፊደል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ሲሆን እሷ ጮክ ብላ ታነብለትና ረቂቁን ከጻፈለት ሰው ጋር በስልክ እንዲያመሳክር ትመክረዋለች።

ታይፕ መማር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው በደቂቃ ስንት ቃል ልደርስ እችላለሁ የሚለውን ነው። ከእሷ ሥራ አንጻር ጥያቄው መቀየር ያለበት ይመስለኛል፤ የጻፍኩትን ሰው ሳያርመው ይዞት ሊሄድ ይችላል ወይ? ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ቁልፍ አለማየት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጣት መወሰን፣ ሺፍትን ለተቃራኒው እጅ መስጠት፣ የሚደጋገም ስሕተትን ጽፎ መያዝ፣ ፍጥነትን ደግሞ ሳይጠሩት እስኪመጣ መተው። ፊደሉ በማይታይበት ገበታ ላይ ይህን የቻለች ሴት ካለች፣ የአማርኛ ፊደል ተለጥፎበት የተሸጠ ኪቦርድ ያለን ሰዎች ተለጣፊውን ዛሬውኑ ልጠን ብንጥለው የምናተርፍ እንጂ የምንጎዳ አይደለንም።